ከሥዕሉ ሥር የተሰቀለው ከረጢት

ይድረስ ለባለቤቴ ለአላምረው፤

አላምሬ፣ ከተለየኸኝ ሰባት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንዴት ከረምህ ብዬ እንዳልጠይቅህ ካለህበት መልስ አይመጣም፤ ስለዚህ እኛ እንዴት እንደ ከረምን እኔው ልንገርህ። ደብዳቤ ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ዕድሜ ልኬን በኮሌጁ መዝገብ ቤት የሰው ደብዳቤ ስመዘግብ፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ውስጥ ስከት ነው የኖርሁት። የራሴን ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፍልህም ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም፤ በልጃችን ያስማልኸኝን መሐላ አፍርሻለሁና እሱን ልነግርህ ነው።

አትቆጣ። ብትቆጣም አሁን ምን ታመጣለህ።

ከቤቱ ልጀምርልህ። ማኅሌት ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ አንተን፣ አፏ እኔን ነው ይላሉ፤ እኔ ግን አፏም ካንተ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። በር ላይ የተከልኸው ማንጎ ካምና ጀምሮ አፈራ፤ ግማሹን ወፍ፣ ግማሹን የጎረቤት ልጆች ይበሉታል፣ ለእኛ ጥላው ይደርሰናል። ጀልባህን የጎርጎራ ሰው ወሰዳት። አልፎ አልፎ ሰው ጭና ስትመጣ ገና ከሩቅ በድምፅዋ አውቃታለሁ፤ ሞተሯ ሲነሣ ዛሬም ያስለዋል። እናትህ እማሆይ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ደከመ እንጂ ምላሳቸው አልደከመም። ኪዳን ሳያደርሱ እህል አይቀምሱም፣ እኔን ሳይቆጡም አይውሉም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ማኅሌትን አርግዤ ለክትትል ስሄድ ነበር ኤችአይቪ በደሜ እንዳለ የተነገረኝ። በማግሥቱ አንተም ተመረመርህ፤ አንተም አለብህ። ከማን መጣ ብለን አልተጠያየቅንም። አንተ ጀልባዋን እያጠብህ፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሐይቁን ስናይ ዋልን። በመጨረሻ ያልኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እናቴ እንዳትሰማ። ልጅቷ ነጻ ሆና ስትወለድ እንኳ ደስታችንን ለማንም መናገር አልቻልንም። ምን ተገኘ ቢሉን ምን እንላለን?

ለምን እንደ ፈራሃቸው አውቃለሁ። ልጅ ሳለህ አንዲት ጎረቤታችሁ በዚሁ በሽታ ስትሞት ሬሳዋን የሚያጥብ ጠፍቶ እንደ ነበር ደጋግመህ ነግረኸኛል። እናትህም ያን ቀን በራቸውን ዘግተው ዋሉ፤ ለቅሶ አልደረሱም። ግድግዳ ለግድግዳ የኖረን ሰው ለቅሶ አለመድረስ በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደ ሆነ ላንተ አልነግርህም። በበሩ ስንጥቅ እያየህ ያን ቀን የተማርኸውን ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስረሳህ አልቻለም።

እዚህ ባሕር ዳር ስንት ሐኪም ቤት እያለ አንተ መድኃኒትህን የምታመጣው ከከተማ ወጣ ብላ ካለች ትንሽ ከተማ ነበር፤ ስሟን አንተ ታውቃታለህ። በየሁለት ወሩ ቅዳሜ ጆንያ ይዘህ ገበያተኛ መስለህ በሚኒባስ ትሄዳለህ። አንድ ቅዳሜ እዚያው ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ከጎረቤታችን ከጥላሁን ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጠማችሁ። አንተ የሞተር ዕቃ ፍለጋ ነው አልህ፤ እሱ ሽንኩርት ልገዛ መጥቼ ነው አለ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ሽንኩርት። ውሸታችሁን እውነት ለማስመሰል ሁለታችሁም ገበያ ወጥታችሁ እያንዳንዳችሁ ግማሽ ጆንያ ሽንኩርት ተሸክማችሁ በአንድ ሚኒባስ ተመለሳችሁ። ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ አንተም ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ ግን በመንገድ ስትገናኙ አንገታችሁን ደፍታችሁ ትተላለፉ ጀመር።

ከሁሉ የከፋው የጠርሙሱ ድምፅ ነበር። ያ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲነቀነቅ ይንኮሻኮሻል። እኛ ድምፁን እናውቀዋለን፤ ሌላውም ሰው እያወቀው መጥቷል። ሚኒባስ ውስጥ የአንዱ ቦርሳ እንዲያ ካሰማ ሰው ዘወር ብሎ ያያል። እኔ የእኔን ጥጥ ጠቅጥቄበት ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበት ነበር። አንተ ቢሮ የለህ፣ መሳቢያ የለህ፤ ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ፣ እናትህም ከእኛው ጋር። አንድ ቀን መላ አገኘሁ አልኸኝ። እማሆይ ከሚጸልዩበት ሥዕል ሥር፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ተሰቅላለች። ውስጧ እማሆይ ከደሴቱ ገዳም ያመጡት የተባረከ አመድ፣ እምነት የምንለው፣ አለ። እሷን ልጅ አይጎረጉራት፣ እንግዳ አይከፍታት። ኪኒንህን ከጠርሙሱ አውጥተህ እዚያ ጨመርኸው፤ አመዱ ድምፁን ዋጠው። ጠርሙሱን፣ ውስጡ ካለችው እርጥበት ከምትመጠው ትንሽ እሽግ ጋር፣ ሩቅ ወስደህ ጣልኸው። እኔም ጎበዝ ነህ አልሁህ። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ።

ጠዋት ጠዋት ከሥዕሉ ፊት ቆመህ ትጸልያለህ፣ እጅህን ወደ ከረጢቷ ትሰዳለህ፣ ቁንጥር አመድ ከኪኒኑ ጋር አፍህ ውስጥ አድርገህ ጠበል ትጠጣበታለህ። እናትህ ይህን እያዩ ልጄን እግዜር ጠራልኝ እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩ ነበር። አንድ ቀንም አላቋረጥህም። ይህን የማውቅ እኔ ነኝ፤ እያየሁህ ነዋ።

ከዚያ መክሳት ጀመርህ። ጤና ጣቢያ ደምህን መረመሩና ቫይረሱ በዝቷል፣ አትወስድም ማለት ነው አሉህ። እወስዳለሁ አልህ። ነርሷ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው አለችህ። በልጄ ብለህ ማልህ፤ እሷም እያየችህ ፋይልህ ላይ በአግባቡ አይወስድም ብላ ጻፈች። ያን ቀን ስትመለስ በሽታው ከጎዳህ ይልቅ ያቺ አንዲት መሥመር ጎድታህ ነበር። ውሸታም አሉኝ፣ የሺ፣ ብለህ ግድግዳውን እያየህ ተኛህ። ሌላ መድኃኒት ቢቀይሩልህም ጊዜው አለፈ። በመጨረሻው ሳምንት በማኅሌት ስም አስማልኸኝ፤ እናቴ እንዳትሰማ፣ እኔ ከሞትሁም በኋላ እንዳትሰማ። ማልሁ። ለለቀስተኛው ሁሉ ጉበት ነው አልሁ።

አርባህን ካወጣን በኋላ ቤቱን ሳጸዳ ከረጢቷን አወረድኋት። ከብዳኛለች። ስከፍታት አመዱ ጭቃ ሆኖ ደርቋል፣ ኪኒኖቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው፣ ዳር ዳሩ ሻግቶ፣ አንዳንዱ በእጄ ላይ ፈረሰ። ቆሜ ሳስብ ገባኝ። እማሆይ ገና ሳትከሳ ጀምሮ በየማለዳው ከቤተ ክርስቲያን ጠበል ይዘው እየመጡ ቤቱን ይረጩ ነበር፤ ይልቁንም ሥዕሉንና ከረጢቷን። አንተ እየከሳህ ስትሄድ እሳቸው አብዝተው ረጩ። ኪኒንህ ከሳቸው ሲሸሸግ በሳቸው እጅ ራሰ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኛ ደግሞ መድኃኒቱንም ደበቅነው። በእርግጥ የገደለህ ያ ነው ብሎ የሚምልልኝ ሐኪም የለም፤ በኋላ የጠየቅሁት ፋርማሲስት ሊሆን ይችላል ብቻ ነው ያለኝ። ለእኔ ግን በቃኝ። ከረጢቷን ወስጄ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ፣ የእኔ ጠርሙስ ጎን ቆለፍሁባት። የእኔ መሳቢያ ደረቅ ስለ ነበረ እኔ አለሁ፤ ያንተ ግድግዳ እርጥብ ስለ ነበረ አንተ የለህም። ይህን እያሰብሁ ስንት ዓመት እንደ ሠራሁ አንድዬ ይወቅ።

ያ የሽንኩርቱ ሰውዬ፣ ጥላሁን፣ ከሁላችን ቀድሞ ወጣ። ሚስቱን ቀብሮ ሲመለስ፣ ከዚህ ወዲያ ማንን እፈራለሁ ብሎ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነ። አንድ ቀን ቢሮዬ መጥቶ ደብዳቤ ጻፊልን አለኝ። ስለ እኔ ጠይቆኝም አያውቅ፣ ነግሬውም አላውቅ፤ ያውቃል። እኔም ሙያዬ ነው ብዬ መጻፍ ጀመርሁ፤ የማኅበሩ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ሲወጣ ስሜ ግን የትም አልነበረም።

የደብዳቤው ጉዳይ እንዲህ ነው። ኪኒኑን በየቀኑ በመዋጥ ፈንታ በየሁለት ወሩ የሚወጉት መርፌ በሌላ አገር ወጥቷል። አንድ መድኃኒት እዚህ አገር ለመግባት መጀመሪያ መድኃኒት የሚፈቅደው መሥሪያ ቤት ወረቀቱን መርምሮ ይሁን ማለት አለበት። ባለሙያዎቹ ተሰብስበው የደረሱበት አሳብ ኪኒኑ ይሠራል፣ ሰው በአግባቡ ከወሰደው መርፌ ለምን ያስፈልጋል የሚል ነበር። ለማኅበሩ በላኩት ደብዳቤ ላይ በአግባቡ የምትለዋን ቃል ሳነብ እጄ ከታይፑ ላይ ቀረ። ያንተ ፋይል ላይ ያለችው ቃል ናት።

ጥላሁን እንደ እብድ ተቆጣና አንድ ባዶ የሳሙና ካርቶን ላዩን ቀድዶ በየቀበሌው ለሚገኙ አባላት አዞረው። መድኃኒትህን የት ነው የምታስቀምጠው? ስም አትጻፍ፣ ቦታውን ብቻ ጻፍና ጨምር። አላምሬ፣ ያን ካርቶን እኔ ነኝ የከፈትሁት። በርበሬ ዕቃ ውስጥ። በጫማ ውስጥ፣ እግሬ ሲያልበው ይቀልጣል። የዶሮ ቤት ጣራ ላይ። ባሌ እንዳያይ የንጽሕና መጠበቂያዬ እሽግ ውስጥ። ከይፋግ የጻፈ አንድ ገበሬ የሩዝ ጆንያ ውስጥ እቀብረዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ስፈልገው አላገኘውም ይላል። አንብቤ ስጨርስ ቢሮዬን ቆልፌ አለቀስሁ። ብቻህን የሠራኸው ስሕተት መስሎኝ ነበር። ለካ አገር ሙሉ ሰው ነው መድኃኒቱን ከጠርሙሱ እያወጣ የሚያበላሸው።

ወረቀቶቹን አሽገን አዲስ አበባ ላለው መሥሪያ ቤት ላክን። ከወር በኋላ መልስ መጣ፤ ስምና ፊርማ የሌለው ጽሑፍ እንደ ማስረጃ አይያዝም፤ ሆኖም ከታማሚዎች መካከል በስሙ ቀርቦ የሚያስረዳ ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ይደመጣል። ጥላሁን ወረቀቱን ሊቀድደው ነበር። እኔ ግን ልወቅሳቸው አልቻልሁም። ስም የሌለው ደብዳቤ ሲመጣልኝ ቁጥር ሳልሰጥ ወደ ጎን የምጥል እኔው ነኝ፤ ሥራችን እንዲያ ነው፣ ባለቤት የሌለው ወረቀት ፋይል አይከፈትለትም። ጥላሁን ለመናገር ፈቃደኛ ነው፤ የሱ ኪኒን ግን ተበላሽቶ አያውቅም። የተበላሸውን ኪኒን በእጁ የያዘ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ያም ሰው ምሏል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። በሰው ፊት መቆሙ አይደለም ያስፈራኝ። ከአፍ የወጣ ነገር አዲስ አበባ ላይ አይቀርም፤ እማሆይ ጆሮ መግባቱ የማይቀር ነው። በሽታውን መስማታቸው አንድ ነገር ነው። ያን ጠበል የረጨሁት እኔው ነኝ ብለው ማወቃቸውስ? አሮጊት ሴት በልጇ ሞት ላይ ይህን ጨምሬ ልግደላት? ግን ደግሞ ዝም ብል ያቺ መሥመር ፋይልህ ላይ ለዘላለም ልትኖር ነው፤ በይፋጉም ገበሬ፣ ኪኒኑን ዶሮ ቤት ጣራ ላይ በሚሸሽገውም ሰው ፋይል ላይ እንዲሁ ትጻፋለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ሐይቁ ዳር ሾላው ሥር ትንሽ እንረፍ አልኋቸው። ከረጢቷን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አኖርሁና ሁሉን ነገርኋቸው፤ ያንተን፣ የእኔን፣ ሽንኩርቱን ሳይቀር። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ከረጢቷን ከፍተው አዩ፣ አሸተቱ፣ ዘጉ። ከዚያ፣ ልጄ እኔን ፈርቶ ነው የሞተው? አሉኝ። እጃቸውን ልይዝ ስል ተነሥተው ሄዱ።

ሦስት ቀን አላናገሩኝም። እህል ከውኃ በቀር አልቀመሱም። ማኅሌት ጓዳው በር ላይ ቆማ እማሆይ፣ እማሆይ እያለች ስትለምን፣ ገደልኋቸው፣ አላምረው ይቅር አይለኝም ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ተመለሱና ቁመው ተቆጡኝ። የጠበቅሁት ለቅሶ ነበር፤ የመጣብኝ ቁጣ ነው። አሥር ዓመት አንድ ጣራ ሥር ስኖር ለካ በቤታችሁ እንግዳ ነበርሁ አሉኝ። ብትነግሩኝ እኔው እጠብቅላችሁ ነበር፤ ከደረቅ ቦታ አኖርላችሁ ነበር፤ ሰዓቱን አስታውሳችሁ ነበር። ከኔ በላይ ማን ይጠብቀው? አሉኝ። ከዚያ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያችን ጎረቤታችሁን አነሡ። ለቅሶዋ ያልደረስሁ ቀን ነው ልጄን የቀበርሁት አሉ። ያን ጊዜ ተቃቅፈን አለቀስን። በመጨረሻም እንባቸውን ጠርገው፣ አዲስ አበባ ብቻሽን አትሄጂም አሉኝ።

ሄድን። ከመነሣታችን በፊት ለማኅሌትም ሁሉን ነግሬያት ነበር፤ የምናገረውን ጽፌ ሳነብላት፣ እማዬ ይህ ምስክርነት ነው ወይስ ማመልከቻ ብላ ግማሹን ሰረዘችው፤ ልክ ነበረች። ሊፍቱ ሲነሣ እማሆይ በስመ አብ ብለው እጄን ያዙ፤ አምስተኛ ፎቅ እስክንደርስ አለቀቁኝም። አዳራሹ ውስጥ በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ባለሙያዎች ተቀምጠዋል። ስሜን ተናገርሁ፤ ያባቴን ስም፣ የምሠራበትን፣ በደሜ ያለውን፣ ያንተንም ስም። ተናግሬ ሳበቃ ጣራው አልወደቀም። ከረጢቷን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍሁላቸው።

አንድ ፕሮፌሰር፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ የአንድ ሰው ታሪክ ማስረጃ አይሆንም አሉ። እውነት ነው፣ እኔም የያዝሁት ጥያቄ ነው አልኋቸው። ኪኒኑ በጠርሙሱ ውስጥ ሆኖ እንደሚሠራ እናንተ መርምራችኋል፤ እኛ ቤት ግን አንድ ቀን እንኳ በጠርሙሱ ውስጥ አድሮ አያውቅም። እኛ ቤት ያደረውን ኪኒን የመረመረ አለ? ብዬ ጠየቅሁ። ያን ጊዜ እማሆይ፣ ማንም ሳይፈቅድላቸው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። ውኃውን የረጨሁት እኔ ነኝ፣ የፈራውም እኔን ነው አሉ። ወረቀታችሁ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ ይላል አሉ፤ የሰዉን ቤትስ አይታችሁታል? እኔ ልጄን በፍርሃት ቀብሬያለሁ፤ እናንተ የማንንም ልጅ እንዳትቀብሩ። ይኸው ነው ያሉት። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሸምገል ያለ ፋርማሲስት መነጽሩን አውልቆ፣ ያን በደረቅ ቦታ ይቀመጥ የሚለውን ሳነብ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ አንድም ቀን የማንን ቤት ብዬ አልጠየቅሁም አለ።

ወራት ጠበቅን። በስተኋላ ደብዳቤው ሲመጣ በማኅበሩ መዝገብ ላይ ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ሰረዝሁት። መርፌው ተፈቀደ። ለሁሉም አይደለም፤ ለጊዜው በትልልቅ ሆስፒታሎች ብቻ፣ ሐኪም ተገቢ ነው ላለው። ኪኒኑን የሚያስገቡትም ድምፅ በማያሰማ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው በታሸገበት ስስ ካርድ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። አዲስ መድኃኒት ሲመረመር በሚሞላው ቅጽ ላይ አንዲት ጥያቄ ጨምረዋል፤ ታማሚው ይህን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የት ያስቀምጠዋል? ቅጂውን ጥላሁን ሲያሳየኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። የሳሙናው ካርቶን ጥያቄ ነበር፤ ስምና ፊርማ አግኝቶ ፋይል ገባ።

ሁሉ ነገር ተቃና አልልህም። ቢሮ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ ስኒዋን ከቤት ይዛ መምጣት ጀመረች። አንድ ዘመድህም ደጃችንን ረገጥ ማድረግ ትቷል፤ ይተው። ግን ደግሞ ከመሰከርሁ በሁለተኛው ሳምንት አንድ የማላውቀው ወጣት ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ እቴቴ፣ የቱ ሐኪም ቤት ነው የሚሻለው አለኝ፣ ቀጥ ብሎ ዓይኔን እያየ። አንተ በዚያ ዕድሜህ ቀጥ ብለህ የማንንም ዓይን አላየህም።

እኔ መርፌዬን ከጀመርሁ አራተኛዬ ሆነ። እማሆይ አብረውኝ ይመጣሉ፣ ነርሶቹን ቀስ አድርጊው እያሉ ይቆጣሉ። ያለቀውን የኪኒን ጠርሙስ ልጥለው ስል ነጥቀውኝ አጠቡና አደረቁት። አሁን አዲሱ እምነት ያለው በሱ ውስጥ ነው፣ ከሥዕሉ ሥር፣ ስሜ ከነወረቀቱ እንደ ተለጠፈበት። ክዳኑ ጥብቅ ነው፣ ውኃ አይገባውም ይላሉ። ያች አሮጌ ከረጢት አዲስ አበባ ፋርማሲስቱ ዘንድ ቀረች፤ ለአዲስ ባለሙያዎች አሳይባታለሁ ብሎ ለምኖን ሰጠነው።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ጥላሁንን ይዤ በሚኒባስ ወደዚያች ከተማ ሄድሁ። ያቺ ነርስ አሁንም እዚያው ናት፤ ፀጉሯ ሸብቷል። ማን እንደ ሆንሁ ነገርኋት፣ የሆነውን አስረዳኋት። ከዚያ መዝገብ ቤት ገብታ ፋይልህን ከአቧራው ውስጥ ፈልጋ አወጣችው። እንዲጠፋ አልጠየቅኋትም፤ የተጻፈ አይጠፋም፣ ያን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሥሩ እንድትጽፍልኝ ብቻ ለመንኋት። ጻፈችው፤ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ እንዲያየው ጎላ አድርጋ። መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስድ ነበር። ቀኑን፣ ስሟንና ፊርማዋን አስቀመጠችበት።

ስንመለስ ጥላሁን ሚኒባሱን አስቁሞ ሽንኩርት ገዛ። ምን ያደርግልሃል ብለው፣ ለአላምረው ነው አለኝ። እስከ ቤት ስስቅና ሳለቅስ መጣሁ።

መሐላህን አፍርሻለሁ፣ አላምሬ፤ ስትፈርስ ግን እናትህን መለሰችልህ። ለማኅሌት የማወርሳት፣ እሷም ለልጆቿ የምትነግረው፣ እኔም ካጠገብህ እስክተኛ የማስታውሰው ያቺን መሥመር ነው። ሲጠይቁኝ የምለው ይኸው ነው፤ አባቷ በየቀኑ ይወስድ ነበር፣ ስምና ፊርማ አለበት።

ያንተው የሺ፣
ከባሕር ዳር